ዘጠና ሰባት ከመቶ

ሪሃና የወረዳውን ዓመታዊ ሪፖርት ሁለተኛ ገጽ ገልጣ «ገቢን በተመለከተ» ከማለቷ፣ ጋሼ ማሙሸት ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ አሉ። የፊት የፊቱን ትተሽ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሪልን አሏት።

አዳራሹ ሳቀ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ የሰኔ ዝናብ የወረዳውን አዳራሽ ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ከጭድ ተራና ከእህል በረንዳ የመጡት ነጋዴዎች ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። ሱቃቸውን ዘግተው የመጡት ለሪፖርቱ ብለው አይደለም። ወረዳው ከጭድ ተራ የጀመረውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ዘንድሮ አጋምሶታል። ቀሪው ግማሽ እህል በረንዳ እንዲደርስ ነጋዴው እንደ አምናው የወጪውን እኩሌታ ማዋጣት አለበት። ዛሬ እጅ ካልወጣ ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል፤ ጎርፉም በየክረምቱ እንደ ለመደው መጋዘን ገብቶ ከታች የተደረደረውን ጤፍ ያበሰብሳል።

ጋሼ ማሙሸት አርባ ዓመት እህል የነገዱ ሰው ናቸው። ጆንያ የሚወጉበት ቀጭን ብረት ከካፖርታቸው ኪስ ተለይቶ አያውቅም። እህል በረንዳ ውስጥ ጆንያን ከአፉ አይቶ የሚገዛ የለም፤ አፉ ላይ ያለው ምንጊዜም ምርጥ ነው። እሳቸው ከግርጌው ወግተው፣ የወጣውን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ያያሉ። ካልወደዱት ቀዳዳውን እንዳለ ትተውት ይሄዳሉ። ከወደዱት ግን፣ ዋጋ እንኳ ሳያነሱ፣ ሽመናውን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ባለጆንያው መሸጡን የሚያውቀው ያኔ ነው። ሪሃና ልጅ ሳለች አባቷ ከጆንያው አጠገብ ቆሞ ያችን አውራ ጣት ሲጠብቅ ብዙ ቀን አይታለች።

«የሪፖርታችሁን አፍ በየዓመቱ እናየዋለን» አሉ ጋሼ ማሙሸት። «ዛሬ እስቲ ከግርጌው ልውጋው።»

ከኋላቸው የጭድ ተራዋ እትዬ በለጥሻቸው ተቀበሏቸው። «አምና መቶ አራት ከመቶ ሠርተናል ብላችሁን ነበር። በዚያው አራቷን የት እንዳስቀመጣችኋት ብታሳዩን።»

ሳቁ እስኪበርድ ሪሃና ወረቀቱን አጥብቃ ያዘች። የገቢው ገጽ ላይ ያለውን ሦስት ጊዜ ደምራዋለች። ወረዳው ከእቅዱ በላይ ሰብስቧል፤ ከስንት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም ዕዳ ሳይኖርበት ዓመቱን ሊዘጋ ነው። እሱን የምታነብበትን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አለፈቻቸው።

ከጎኗ የተቀመጡት ኃላፊዋ አቶ ዘመንፈስቅዱስ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጠዋት በዚያ ገጽ ላይ ዘጠና ሰባቱን ከበው፣ በላዩ መቶ ብለው በእርሳስ ጽፈውባት ነበር። ሦስት የቦይ ክዳን ነው፣ ሐምሌ ላይ ይገጠማል፣ ማን ወጥቶ ይቆጥራል ብለዋታል። ሪፖርቱ ከሰዓት ክፍለ ከተማ ይገባል፤ ሌሎቹ ወረዳዎች ሁሉ መቶ ይዘው ይመጣሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁፋሮው ጊዜ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ ውስጥ የዋሉ ናቸው፤ በሦስት ክዳን ምክንያት ሠራተኞቻቸው መጨረሻ ሲወጡ ማየት አልፈለጉም። ሪሃና አልተከራከረችም። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ እርሳሱን በላጲስ አጠፋችው።

«የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የዘንድሮው ድርሻ» ብላ አነበበች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጭን ሆኖ ተሰማት። «አፈጻጸም፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ።»

የሳቀ የለም።

«ሦስቱስ?» አሉ ጋሼ ማሙሸት።

ሪሃና ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። ይህን ለመናገር ወረቀት አያስፈልጋትም።

«ክዳኑ መቶ ነው፤ ሦስቱ አልተገጠሙም። አንዱ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ አንዱ መታጠፊያው ላይ፣ አንዱ ደግሞ እትዬ በለጥሻቸው ሱቅ ደጃፍ። ከመኪና ሲወርዱ ተሰነጠቁና መለስናቸው፤ ዋጋቸውም አልተከፈለም። ለጊዜው ጣውላ አድርገንበታል። ስታልፉ እግራችሁን ጠንቀቅ አድርጉ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እያንዳንዱን ረግጬ ነው የቆጠርኩት፣ ጋሼ።»

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ በለጥሻቸው ዞረ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጣውላዋን በየቀኑ እየዘለሉ እንደሚገቡ መሰከሩ። ከዚያ እንደ መቀመጥ ካሉ በኋላ ተመልሰው ቆሙ።

«ውሃው ግን ዘንድሮ ሱቄ አልገባም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከጣሪያው በላይ ዝናቡ እየበረታ ነው።

ጋሼ ማሙሸት በወንበሮቹ መሀል አልፈው ወደ መድረኩ መጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሏት። ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ሲያዩት ላጲሱ ያልጨረሰው የእርሳስ ጥላ፣ ያ መቶ፣ ከዘጠና ሰባቱ በላይ ስስ ሆኖ ይታያል። አቶ ዘመንፈስቅዱስን አዩ፤ ሪሃናን አዩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። አሸት፣ አሸት አደረጉት።

ከአዳራሹ ጀርባ የእህል በረንዳ ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ። የጭድ ተራዎቹ ተከተሏቸው።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጆቹን መቁጠር ጀምረው መሀል ላይ ተዉት። ወረቀቱ ላይ፣ ከቁጥሩ በላይ፣ የጤፍ ብናኝ የያዘ ግራጫ የጣት አሻራ ቀርቷል። ሪሃና ንጹሑን ቅጂ ልታቀብላቸው እጇን ወደ ፎልደሯ ሰደደች።

«እሱን ተይው» አሏት ኃላፊዋ። ባለአሻራውን አንስተው፣ ክፍለ ከተማ የሚገባው ፎልደር ውስጥ ከሁሉም በላይ አስቀመጡት።