የጠዋቱ ፈቃድ

የቢሮው ሰው ሁሉ «ሕጉ» ይለዋል። የሁለት መቶውን ኮምፒውተር ደንብ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት፣ ማን ፍላሽ እንደሚሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚለጠፍ። በየጠዋቱ በይለፍ ቃሉ ገብቶ «ፍቀድ» የምትለዋን ምልክት ካልተጫነ አንድም ሠራተኛ ኮምፒውተሩን መክፈት አይችልም።

ታሞ አባቱ ቤት ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ሥራውን ግን ከዚያው ሆኖ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል።

ዛሬ ረፋድ ላይ አባቱ ወደ ቢሮው መጡ። የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ከክፍሉ ኃላፊ ፊት ተቀመጡ። ገበሬ ናቸው፤ ቃልን እንደ ዘር ቆጥበው የሚያወጡ።

«ልጄን ከሥራው አውጪልኝ» አሉ።

ኃላፊዋ ጆሮዋን አላመነችም። «ምን አጠፋ አባባ?»

«አላጠፋም። አውጪው።»

«እርሻው ሰው አጥቶ ነው?»

«ሰውስ አጥቷል» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ደሟ ፈላ። ስንቱ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ደፋ ቀና ይላል፤ እኚህ ደግሞ ተምሮ ሰው የሆነውን መልሰው ሞፈር ሊያስጨብጡት!

ጸሐፊዋ ከጎን ሆና ሳቀች። «ኧረ ይውሰዱልን አባባ! የልጆቼን ፎቶ ከኮምፒውተሬ አንስቶ የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ የለጠፈብኝ እሱ ነው። ለምኜው ለምኜው እንቢ አለ፤ ድንጋይ!»

አባት አልሳቁም።

ኃላፊዋ የመግቢያ ሰዓቱን መዝገብ ከፍታ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረች። «ይኸው ይዩ። አንድም ቀን አልቀረም። ድሮ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የሚገባው፤ አሁን ገና ወገግ ሲል ነው። ዛሬም እንደዚያው። አንዳንዴ ይለፍ ቃሉን ሁለቴ ይሳሳታል፤ ግን ሳይፈቅድ ውሎ አያውቅም። ስልክ አያነሳልኝም፣ መልእክት አይመልስልኝም፤ ኩርፊያውም ዝምታውም በእርስዎ ወጥቶ ነው መሰለኝ። ሥራው ግን ዝንፍ አይልም።»

አባት የሻከረ ጣታቸውን ወደ ልጃቸው ስም አስጠጉ። ሳይነኩት መለሱት።

«ዝጊው።»

«አልዘጋም! ያሳደጉት እርስዎ ቢሆኑም ሕይወቱ የራሱ ነው። ሥራ እለቃለሁ ካለ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ።»

አባት ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እስኪሻለኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት ፍቀድ የምትለዋን ተጫንልኝ አባዬ ብሎ አስተማረኝ፤ ከቀበርኩት ሁለት ወሩ ነው፣ በገዛ እጄ መተው አቃተኝ።»