በእናቷ ቋንቋ

ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ አንድ ለአንድ እንዳሉ፣ ኡጋንዳ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። መቺዋ አጥቂ ያባቷን አገር ማልያ ለብሳ የእናቷን አገር ኢትዮጵያን ስትገጥም የመጀመሪያዋ ነው፤ ካገባች ለዋንጫ ያልፋሉ።

ኳሱን አስቀምጣ ቀና ስትል፣ የኢትዮጵያ ተከላካይ ወደ በረኛዋ ጮኸች።

“ሁሌ በቀኝሽ ነው የምትመታው! በቀኝሽ ውደቂ!”

“አውቃለሁ፣ አትጩኺብኝ!” አለቻት በረኛዋ።

አጥቂዋ ሳቋን ዋጠች። ካምፓላ ያደገች ልጅ አማርኛ ትሰማለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ተንደርድራ በበረኛዋ ግራ በኩል መታችው።

በረኛዋ ግን ቀድማ ወደ ግራ ተወርውራ ነበር። ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳችና ጠጋ አለቻት።

“እናትሽን ሰላም በይልኝ” አለቻት፤ “አማርኛውን አሳምረው አስተምረውሻል።”