ከአምስት ስንት?

«አይቻልም» ይላል ስልኩ ከጤፍ ጆንያው ላይ ሆኖ፤ ልክ እንደ ዜና አንባቢ።

«ትንሽ ቀንሱልኝ» ያሉት እትዬ ሙሚና እጃቸውን ከጤፉ ውስጥ ያወጣሉ። ለምግብ ቤታቸው ከአባቴ ሌላ ከማንም ገዝተው አያውቁም። «ምነው ጋሽ ጠሃ፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?»

«ከአምስት ስንት?» እለዋለሁ አባቴን፣ ድምፁን እንዲመዝንልኝ። አንድ ጣቱን ያነሳል። ትናንትም አንድ፣ ከትናንት ወዲያም አንድ! ኧረ በአላህ!

ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ካወጡለት ወዲህ አባቴ የሚናገረው ስልኩ ላይ እየጻፈ ነው። ጽሑፉን የሚያነብለትን ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከድሮ የድምፅ መልእክቶቹና ከእህቴ የሰርግ ቪዲዮ እየለቀምኩ፣ ዓይኔ እስኪቀላ። ድምፁ የራሱ ነው። ዜማው ግን የማንም አይደለም። እህል በረንዳ የአባቴን «አይቻልም» የማያውቅ የለም። መጨረሻውን ሳብ አድርጎ በሩን ገርበብ እንዳለ ይተወዋል፤ ደንበኛው በዚያው ተመልሶ ይገባል። የእኔው ማሽን በሩን ጥርቅም ነው የሚያደርገው።

«እንግዲህ ካልሆነ ምን ይደረጋል» ይላሉ እትዬ ሙሚና፤ ሻርፓቸውን አስተካክለው ይወጣሉ። አባቴ እየተጣደፈ ይጽፋል።

«ኧረ ነይ፣ እንነጋገራለን» ይላል ስልኩ። ባንክ ቤት ተራ የሚጠራው ማሽን እንኳ ከዚህ ይሻላል። እትዬ ሙሚና አይዞሩም።

ደሜ ይፈላል። የድምፁን ማስተካከያ ከፍ፣ ዝቅ፣ ደግሞ ከፍ አደርገዋለሁ። አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ይጽፋል።

«ጠሂራ፣ በቃ። የሱቁን ቁልፍ ለኢስሀቅ ስጪው።»

ኢስሀቅ ጎረቤታችን ነው፤ ሱቁን ልግዛችሁ ካለ ሰንብቷል። አባቴ ቆርጦ ነው ወይስ ተናዶ? ድምፁን የሠራሁት እኔ መለየት አቃተኝ። ፊቱን እንዳላይ የጆንያ አፍ ሊያስር ጎንበስ ብሏል። እዚህ ካልቆመ የት ሊቆም ነው?

«አይቻልም!» እላለሁ።

በንዴት ነው ያልኩት። መጨረሻው ላይ ግን ሳላስበው ሳብ አለብኝ፤ ልክ እንደ እሱ።

የበረንዳው ጫፍ የደረሱት እትዬ ሙሚና ቆም ይላሉ። ፈገግ ብለው ይዞራሉ።

አባቴ ከጆንያው ቀና ሳይል አምስት ጣቱን ይዘረጋል።