የቆመች መኪና

ፈዬራ አዳማ ውስጥ መኪና መንዳት ሲያስተምር ነው ፀጉሩ የሸበተው። የከተማው ግማሽ ሾፌር ፍሪሲዮን መርገጥ የተማረው ከእሱ ነው ይባላል። ማስተማር ያቃተው አንድ ሰው ቢኖር የገዛ ልጁ ሌንሳ ነበረች።

ሞክሮ ነበር። ኮሌጅ ሳለች መሪ አስያዛት፤ ፍራንኮ አካባቢ ከቆመ ባጃጅ ጋር ተላተመች። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ፈዬራ ግን ሰልጣኞቹ ፊት ጮኸባት። ሌንሳ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጣ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካችም።

ስለዚህ ካናዳ ከሄደች በኋላ ደውላ፣ "አባ፣ መንዳት ልማር ነው" ስትለው የሚሆነውን አጣ።

"ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ ምን አደፋፈረሽ?"

"እዚህ ያለ መኪና መኖር አይቻልም አባ።"

በስልክ ያስጠናት ጀመር። ስለ ፍሬቻ፣ ስለ ስፖኪዮ፣ በረዶ ላይ ፍሬን ስለመያዝ፤ በረዶ አይቶ ባያውቅም። ፈተናውን ወደቀች። ደግማ ወደቀች። በመጨረሻ መንጃ ፈቃዷን ይዛ የሳቀችበትን ፎቶ ላከች። ፈዬራ ያላሳየው ሰልጣኝ የለም።

መኪና መግዛት ላይ ግን አልተግባቡም። "ትንሿን ያዢ፤ ነዳጅ አትበላም" አላት። እሷ የገዛችው ቤተሰብ የሚጭን ረጅም አሮጌ ቫን ነበር።

"ለአንድ ነፍስ ይሄ ሁሉ መኪና ምን ይሠራልሻል?"

"ሰፋ ሲል ደስ ይለኛል።"

ከዚያ በኋላ በቪዲዮ የምትደውለው ሁልጊዜ ከመኪናዋ ውስጥ ሆነ። ከጀርባዋ ልብሶች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ተጋርዷል። ፈዬራ የሚሰማው ግን ሞተሩን ነበር። ሞተሩ ይሠራል፣ መኪናዋ አትነቃነቅም።

"አጥፊው እንጂ! ነዳጁ በከንቱ አለቀ።"

"ብርድ ነው አባ።"

እናቷ ገላኔ ስልኩን ትቀበለዋለች። "እስቲ ቤትሽን አሳዪኝ።"

"ሌላ ቀን እማዬ። ዛሬ አልጠረግኩም።"

ስልኩ ሲዘጋ ገላኔ ራሷን ትነቀንቃለች። "ቤት ውስጥ ወንድ አለ። ድምፁ እንዳይሰማብን ነው መኪና ውስጥ ተደብቃ የምታወራን።"

"ወንድ አይደለም" ይላታል ፈዬራ። "ፍርሃት ነው።"

እርግጠኛ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አሳዪኝ አላት። ባለፈው ካየው እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ልጁ መኪና ገዝታ፣ መሪ ጨብጣ፣ መንገዱን ፈርታ እዚያው ተቀምጣለች። ያን ቀን ባይጮህባት ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር። ይህ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር።

የታናሽ እህቷ የዱሬቲ ሠርግ ሲቃረብ ሌንሳ መምጣት እንደማትችል ተናገረች። የአውሮፕላን ትኬቱ ከአቅሟ በላይ ነው። ዱሬቲ አለቀሰች። ፈዬራ ስልኩን ነጠቀ።

"ያቺን የማትነጃትን መኪና ሽጫትና ነይ!"

"አባ…"

"መኪና ለመንዳት ነው እንጂ ተቀምጠው ሊያዩት አይደለም። ነገ ዝጎ ይጣላል። የእህትሽ ሠርግ ግን አይደገምም።"

ሌንሳ ዞር ብላ ከጀርባዋ የተንጠለጠሉትን ልብሶች አየች። ሞተሩ ብቻ ይሰማል።

"እሺ አባ" አለች።

መጣች። ፈዬራ ቦሌ ሄዶ ተቀበላት። ሻንጣዎቿን ሲጭን ወገቡን ያዘው። ዱከምን ሳያልፉ እንቅልፍ ጣላት። ቤት ገብተው ሻንጣው ሲከፈት ድስት ወጣ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወጣ፣ ትራስ ወጣ። ገላኔ ሳቀች። "አዳማ ብርድ ልብስ ይዞ የሚመጣ ሰው ዛሬ አየሁ!"

ጠዋት ልትቀሰቅሳት ስትገባ ግን አልሳቀችም። ሌንሳ ሰፊው አልጋ ጥግ ላይ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ ተኝታለች።

ሠርጉ አማረ። ሌንሳ ጨፈረች፣ አስተናገደች፣ የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ዞረች። "መቼ ነው የምትመለሺው?" ላላት ሁሉ "እያየሁ ነው" እያለች አለፈች።

እንግዳው ሲያልቅ ፈዬራ የማስተማሪያ መኪናውን ቁልፍ አቀበላት። ሳትመለስ በፊት ያን የድሮ ፍርሃት ሊነቅልላት ቆርጧል።

"ሂን ሶዳቲን። አትፍሪ፤ ዛሬ አልጮህም።"

ሌንሳ ቁልፉን ተቀብላ ገባች። ወንበሩን አስተካከለች፣ ስፖኪዮውን አየች፣ ተነሳች። በአሰላ መንገድ ወጡ። የአህያ ጋሪ ሲገባባት ረጋ ብላ አሳለፈችው። ሲኖትራክ ሲጋፋት ቦታ ሰጥታ ቀጠለች። ሁሩታ ሲደርሱ፣ ሁለት የእህል መኪኖች ባተረፉት ጠባብ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገብታ አቆመች።

ፈዬራ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዕድሜ ልኩ እንዲህ አድርጎ ያቆመ ሰልጣኝ አልነበረውም።

"አትፈሪም እንዴ!"

"አልፈራም አባ።"

"ታዲያ ያቺ መኪና ለምን ሁልጊዜ ቆማ ነበር?"

ሌንሳ ሞተሩን አጠፋች። እጇን ከመሪው አላነሳችም። ፈዬራ ከደስታው ብዛት መልሷን አልጠበቀም።

"ይሁን፣ ተይው። ስትመለሺ ትንሿን ትገዣለሽ። እንዲህ እየነዳሽ በዚያ ጎተራ ምን ያንገላታሻል? እንኳንም ሸጥሽው!"

"አባ" አለች ሌንሳ፣ "እኔ የሸጥኩት ቤቴን ነው።"