ምስክርነቱን ራስሽ ጻፊው

«‹ታታሪ› የሚለውን አውጪው፤ ዛሬ ማን ታታሪ ያልተባለ አለ?» ይላል ዶክተሩ፣ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ከረባቱን እያስተካከለ። እሷ የእሱ ወንበር ላይ፣ የእሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ‹ታታሪ›ን ታጠፋለች። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ካስገባችው ማመልከቻ የጎደለው የአለቃዋ የምስክርነት ደብዳቤ ብቻ ነው። ማመልከቻው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ለዚህች ደብዳቤ ደጅ ስትጠና ሦስት ሳምንት ሆናት። መጀመሪያ ስብሰባ አለብኝ አላት፤ ቀጥሎ ጉንፋን ያዘው፤ ትናንት ደግሞ አንቺው ጻፊና አምጪው፣ እኔ አየዋለሁ ብሎ ተገላገላት። ዛሬ ጠዋት የአፈር ናሙናዎቿን ትታ ራሷን በገዛ እጇ ስታሞግስ አረፈደች፤ ሥራው እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ነው። በአፏ «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን አንቱታውን ካነሳችበት ሰንብታለች።

ይህን የአፈር መመርመሪያ ላብራቶሪ የሚመራው እሱ ነው ይባላል። ላብራቶሪው ውስጥ የታየው ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሲመረቅ፣ አንዴ ከእንግዶች ጋር ፎቶ ሲነሳ። ያኔም ነጩን ጋውን ገልብጦ ነበር የለበሰው። ሠራተኞቹ በሌለበት «ማኅተም» ይሉታል፤ ወረቀት ላይ ከማረፍ በቀር ሌላ ሙያ የለውምና።

ዛሬ ማኅተሙ ደራሲ ሆኖባታል። የስድስት ዓመት ሥራዋን የዘረዘረችበትን አንቀጽ ይኼ ምን ያደርግላቸዋል ብሎ አስቆረጣት። በምትኩ እሱ የተሸለመውን ሽልማት አስገባ፤ ከዚያ የመራውን አውደ ጥናት፤ ከዚያ በስሙ የታተሙትን ጥናቶች። ከእነዚህ የሦስቱን የምርመራ ውጤት በላብራቶሪ ያወጣችው እሷ ናት። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም አያነሱትም።

«እኔ ማን እንደሆንኩ ካላወቁ ምስክርነቴን በምን ያምኑታል?» ይላታል። «ለአንቺው ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።» በስድስት ዓመት ውስጥ ከ«የኔ ልጅ» ሌላ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«ልክ ነዎት፣ ዶክተር።»

አንድ ገጽ ሙሉ ከሆነው ደብዳቤ ለእሷ የተረፋት አራት መስመር ነው። ትንቀዋለች፤ ጣቶቿ ግን የታዘዙትን ይጽፋሉ። ለጣቶቿም ንቀት አላት።

በመጨረሻ ኢሜይሉን ከፍታ ደብዳቤው የሚገባበትን ሊንክ እንድትፈልግ ይነግራትና፣ በስልክ ሊነጋገር ወደ መስኮቱ ይዞራል። ዕድሉን የሚሰጠውን ድርጅት ስም ጽፋ ትፈልጋለች። አምስት መልእክቶች ይወጣሉ። የላይኛው የዘንድሮው ነው። ከሥሩ ያሉት አራቱ የአምና ናቸው፤ የምስክርነት ጥያቄ፣ ማሳሰቢያ፣ ሁለተኛ ማሳሰቢያ፣ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ሁሉም ላይ ስሟ ከነአባቷ ሰፍሯል። ሁሉም ባልተነበበ መልእክት ጥቁር ፊደል ደምቀዋል፤ አንዳቸውም ተከፍተው አያውቁም።

አምና ለዚሁ ዕድል አመልክታ ሳይሳካላት ሲቀር ኮሪደር ላይ አስቁሞ አጽናንቷት ነበር። እሱ ምስክርነቱን አሳምሮ ልኮላት እንደነበር፣ ምናልባት እንግሊዝኛዋ ጎድቷት እንደሆነ፣ ብታሻሽለው እንደሚበጃት መከራት። አመነችው። ዓመቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብባ ሰዋስው ስትማር ከረመች። ስሕተት በሠራች ቁጥር፣ ይሄው ነው የጣለኝ እያለች።

ማልቀስ ያምራታል፤ ጊዜ ግን የለም። እሱ ያስጻፋትን ደብዳቤ ትዘጋና የዘንድሮውን ሊንክ ከፍታ፣ ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ጠዋት የጻፈችውን፣ ስለ እሱ አንድም ቃል የሌለበትን፣ ታስገባለች። አሁን የሚቀረው ምስክሩ ራሱ መሆኑ የሚረጋገጥበት፣ በስልኩ የሚላከው ቁጥር ነው።

«ዶክተር፣ ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይመጣል፤ ያንብቡልኝ» ትላለች። የድምፅዋ ልስላሴ ለራሷም ይገርማታል።

«እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ» ይላል፣ ስልኩን ከዓይኑ እያራቀ። «አምናም ይህንኑ ሲያስነብቡኝ ነበር። ያልኩሽን ሁሉ አስገብተሻል?»

«አንድም የቀረ የለም።»

ቁጥሮቹን ምጽዋት እንደሚሰጥ ሰው አንድ በአንድ ይጠራላታል። አስገብታ ትጫናለች። ምስክርነቱ ደርሶናል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ትከሻዋ ይላላል። ከእንግዲህ ከዚህ ሰው የምትፈልገው ነገር የለም።

እሱ ምስጋናውን እየጠበቀ ቆሟል። እሷ ትነሳለች፤ የኢሜይል ሳጥኑን መልሳ ትከፍትና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ ታዞረዋለች። ጣቷን ካልተከፈቱት መልእክቶች አንዱ ላይ ታደርጋለች። ሲያፍር ማየት ትፈልጋለች፤ ስለ ከሰረችው ዓመት ያቺን ያህል ብቻ።

ዶክተሩ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ያደርጋል። ያጎነብሳል። ስሟን ከነአባቷ፣ ፊደል እየቆጠረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» ይላታል።