ስልክ ላይ የሚሸጠው ወለል

ሴትዮዋ ሦስቱንም ናሙና በጣቷ ዳሰሰች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። ጋሽ ሜትር እንደማትመለስ ያውቃሉ። በዚህ ሳምንት ብቻ አስቦበት የቀረ አራተኛ ሰው መሆኗ ነው።

ጋሽ ሜትር ላሚኔት የሚባለውን እንጨት መሰል የወለል ንጣፍ ይሸጣሉ። ስሙ የወጣላቸው መለኪያ ሜትራቸው ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ነው። ዕቃቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አፋቸው ነው። «ክፍልህን ሳትለካ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» ብለው የመለሱት ሰው ቢሰለፍ መንገድ ይዘጋል። ከስር የሚነጠፈውን ስፖንጅ «ይቅርብኝ» ላለ ገዢማ ወለሉንም አይሸጡለትም።

እንዲህም ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ኖረውበታል። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ እየተበላሸ ነው። አከራዩ መጥቶ «ለቀጣዩ ዓመት ይፈርማሉ ወይስ ሌላ ሰው ላስገባበት?» ሲላቸው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲታገሳቸው ለመኑት። ሱቁ ከተዘጋ ምን እንደሚሆኑ አያውቁም። ማሰቡም ያስፈራቸዋል።

እስካሁን ደግፎ ያቆማቸው አንድ ሰው ነው፤ ባለፒክአፑ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከች ይላል። አይከራከርም፣ ፎቶ አያነሳም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «ቡናማው ዋልነት አስራ ስምንት ካርቶን፣ ነጩ ዘጠኝ» ብሎ ያነባል፣ ከፍሎ ይጭናል፣ ይሄዳል። የት የት እንደሚያነጥፈው አንዴ ጠይቀውት «ሥራ አለ ጋሼ» ብሎ አልፏቸዋል።

«ሰው ማለት እሱ ነው። ከሱቅ የሚገዛ!» ይላሉ ለሰማቸው ሁሉ።

አንድ ቀን የጎረቤት ቀለም ሻጭ ስልኩን ይዞ ገባ።

«ጋሼ፣ ደንበኞችዎ የት እንደሚገቡ አገኘሁልዎ።»

ስልኩ ላይ የከፈተው የሽያጭ ገጽ «ወለል እደጃፍዎ» ይላል። ዋልነቱም ነጩም በፎቶ ተደርድረዋል። ከሥራቸው ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ «ላሚኔት እንግዳ ነው። ካርቶኑ ሳይከፈት ሁለት ቀን ክፍሉ ውስጥ ይረፍ። ሲነጠፍ ከግድግዳው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉለት።»

ጋሽ ሜትር ደማቸው ፈላ።

«ይሄ የኔ ቃል ነው! ሃያ ሁለት ዓመት ለገዢ ሁሉ የምለው! ያ ከሃዲ ነው የሰረቀኝ።»

ከሃዲ የሚሉት አምና ከሳቸው ጋር ተጣልቶ የሄደውን ወለል አንጣፊ ነው። ዋጋውን ሲያዩ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ከሳቸው ዋጋ ትንሽ ይበልጣል።

«ሰው አብዷል እንዴ? እዚህ ረክሶ እያለ?»

ቀለም ሻጩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ቤት ድረስ ያመጡላቸዋል። ደግሞ ስልክ አይቆጣም፣ ጋሼ። እርስዎም በስልክ ቢሸጡ…»

ከዚያ በላይ አላስጨረሱትም። በስልክ መሸጥን ያነሳባቸው ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ቤተሰብ፣ ሦስት ቀን ይኮረፋል።

ማታ ለባለቤታቸው ሁሉንም ነገሯቸው። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ውሏቸው ሶፋው ላይ ነው። ባላቸው ሲገቡ «ዋልነቱ ገባልህ? ነጩስ አላለቀም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለሥራቸው የሚጨነቅ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ጋሽ ሜትርን ደስ ይላቸዋል። የዛሬው መልሳቸው ግን አልጣማቸውም።

«ተዋቸው። የሰው ጉሮሮ አትዝጋ።»

«የኔ ጉሮሮ ሲዘጋስ?»

«እንዲያው ለኔ ብለህ ተዋቸው።»

ጋሽ ሜትር አልተዉም። በማግስቱ ቀለም ሻጩን፣ ቁልፍ ሻጩን፣ መስታወት ቆራጩን ሰበሰቡ። እያንዳንዳቸው በራሳቸውም በዘመዶቻቸውም ስልክ ገጹ ላይ እንዲጽፉ አዘዙ፦ «ሌቦች ናቸው። ከፍለን ዕቃው አልመጣልንም።»

ቀለም ሻጩ ስልኩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ግን እኮ ምንም አልገዛናቸውም።»

«የኔን ገበያ ወስደዋል አይደል? ጻፍ!»

ጻፈ። ሌሎቹም ጻፉ። ወሬው ሥራውን ሠራ፤ ነገሩን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ እየተቀባበሉ ይሳደቡ ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ቀለም ሻጩ ሲከፍተው ገጹ የለም።

ጋሽ ሜትር ደስ አላቸው፤ ከደስታው ሥር ግን የሚጎረብጥ ነገር ነበር። በሐሰት ሰውን ሌባ ማለት ለሳቸውም አዲስ ነው። «ራሱ ነው ያመጣው» ብለው ልባቸውን አጽናኑና አከራዩ ዘንድ ሄደው የዓመቱን ውል ፈረሙ። ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው አበሰሩ። ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ሰኞ ጋሽ ሜትር በማለዳ ከፈቱ። ዋልነቱን በሩ አጠገብ ደረደሩት፣ ነጩን ከጎኑ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። አንድ ባልና ሚስት ገብተው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አላስችል አላቸውና ባለፒክአፑ ጋ ደወሉ።

«ምነው ቀረህ? አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። የሚጫን የለም።»

«ሥራ አለ ስትለኝ አልነበር?»

«ሥራውማ የኔ አይደለም። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ጫን ያሉኝን ነው የምጭነው። ከእርስዎ የምጭነው ወለል የሚሸጥበትን ገጽ ሰዎች ተነስተው አዘጉት። ሌቦች ናቸው ብለው።»

ጋሽ ሜትር ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«ገጹ የማን ነው? የአንጣፊው ነው አይደል?»

«ይቅርብዎ ጋሼ» አለ ባለፒክአፑ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ አሁንስ ምን ይደበቃል፣ የእትዬ ነው፤ የባለቤትዎ።»