ሲዘጉት ሁሉን የሚረሳው ብሮውዘር

"ምን ደብቀህ ነው?"

ትሩፋት ላፕቶፑን ወደ ባሏ አዞረችው።

ሁንዴሳ ቀና አላለም። ፎቶ ኮፒው ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተ ነበር።

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ታዲያ ይሄ ምንድነው? ስትዘጋው ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ የሚያጠፋ ብሮውዘር... ንጹሕ ሰው ይሄ ምን ያደርግለታል?"

"ደንበኛ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ነው ትሩዬ። ለጥንቃቄ ነው።"

"ፓስዎርዶቹንስ ለምን ቆለፍክብኝ?"

"አልቆለፍኩብሽም። ሁሉም ፓስዎርድ በምትይዘው በዚች ኤክስቴንሽን ውስጥ ናቸው፤ ዋናውን አንዱን ብቻ ማወቅ ነው። ነገርኩሽ እኮ... ጠዋት ጠዋት ስወጣ የምትዪኝን ጻፊ።"

"ሂድና ሌላ ሰው ላይ ቀልድ!"

እውነቱን ለመናገር አይፈረድባትም።

ባልና ሚስቱ አሶሳ ውስጥ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠሩባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ላፕቶፑ አንድ ነው። ደንበኛው ራሱ ተቀምጦ ይጽፍበታል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ በትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ያነባል። "ኧረ ተሳስተሃል፣ እሱን አጥፋው" የሚል ያልተጠራ አራሚ ሞልቷል። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር አያድርም።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሁሉን የሚረሳ ብሮውዘር በድንገት ሲገባ... ሌላ ሴት አለች እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ትሩፋት እንዲያ ብላ ደመደመች።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን የራሷ ኢሜይል ነው።

ሱቁ ጭር ሲል በዚያው ላፕቶፕ አዲስ አበባ ላለ አንድ ክሊኒክ ጽፋ ነበር። ከተጋቡ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ የለም። ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። "መሃን ናት ብሎ ቢተወኝስ?" እያለች ብቻዋን ስትፈልግ፣ ብቻዋን ስታነብ፣ ብቻዋን ስታለቅስ ከረመች።

የኢሜይሏን ፓስዎርድ ደግሞ አታስታውሰውም። የድሮው ብሮውዘር ነበር የሚያስታውስላት... ሁንዴሳ እሱን አጠፋው።

የክሊኒኩ መልስ እዚያ ውስጥ ቀረ። "ክፈትልኝ" እንዳትለው፣ ሊያውቅባት ነው።

እሱን "ደበቅከኝ" እያለች የምትጮኸው ሴት እሷም ደብቃለች። እንግዲህ ሰው ነን።

በማግስቱ ጠዋት ሁንዴሳ ወረቀት ሊገዛ ተነሳ። ሰማዩ ጠቁሯል። እንዳኮረፈች ቢሆንም፣ ልማድ ነውና ከአፏ አመለጣት...

"ጃንጥላህን እንዳትረሳ!"

ፈገግ ብሎ ይዞ ወጣ።

እሷ ግን ወስናለች። ልብሷን በፌስታል ጠቅጥቃ ባንኮኒው ሥር አስቀምጣለች። ባምባሲ፣ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ላትመለስ።

ይሄኔ ጋሽ አበጀ ገቡ። ነጋዴ ናቸው፣ የሱቁ የቆየ ደንበኛ።

"ሁንዴሳ የለም? ለመሆኑ ሕክምናው እንዴት ሆነለት?"

"የምን ሕክምና?"

ሰውዬው ደነገጡ።

"ውይ... አታውቂም እንዴ? በይ ተይው፣ እኔ ምንም አላልኩም።"

"ጋሽ አበጀ! በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይንገሩኝ!"

ጋሽ አበጀ ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ባለፈው አንቺ ገበያ ሄደሽ ነበር። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ መታወቂያ ልፈልግ 'መ' ብዬ ጻፍኩ... ኮምፒውተሩ ከዚህ በፊት የተፈለገውን ሁሉ ደረደረው። 'መሃንነት'፣ 'የመሃንነት ሕክምና'... ከኋላዬ የቆመው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ 'የማን ይሆን?' ብሎ ወዳንቺ ወንበር አየ።"

ትሩፋት ጆሮዋ ጋለ። የራሷ ፍለጋ ነበር።

"ከዚያስ?"

"ሁንዴሳ ብድግ አለና 'የኔ ነው፣ የምታከመው እኔ ነኝ፣ ምን ያስቃል?' አለ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ለራሴም አላምንም ነበር... ወንድ ሆኖ ይህን በሰው ፊት!"

ፍለጋዋ ዳግም በሰው ፊት እንዳይወጣ ብሮውዘሩን የቀየረው በዚያው ዕለት ነበር።

ጋሽ አበጀ ሊያስነሱ የመጡትን ኮፒ ረስተው ወጡ።

ትሩፋት ላፕቶፑን ሳበችው። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጠዋት ጠዋት የምትለውን ጻፈች... "ጃንጥላህን እንዳትረሳ"።

ተከፈተ።

የሱቁም፣ የእሱም ፓስዎርድ እዚያው አለ። ከታች ደግሞ ከድሮው ብሮውዘር አዛውሮ ያስቀመጠው "የትሩፋት ኢሜይል" ይላል።

ገባች። የክሊኒኩ መልስ ሳይነበብ እንዳለ ነው። ሁንዴሳ ከፍቶ ማንበብ ይችል ነበር... አልነካውም።

መልሱ አጭር ነበር።

"ምርመራው ለአንድ ሰው ብቻ አይሠራም። ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ኑ።"

ዝናቡ ሲያባራ ሁንዴሳ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ፌስታሉን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ለምን አልነገርከኝም ሁንዴ?"

ገባው። ላፕቶፑን አየ፣ እሷን አየ።

"ሚስጥሩ ያንቺ ነዋ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ።"

ትሩፋት አለቀሰች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠራረገችና ፌስታሉን አነሳች።

"አዲስ አበባ ልሄድ ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ካንተ ጋር። የአንተን ልብስ ደግሞ አንተው ክተት!"

ወዳጆቼ... የተቆለፈ ነገር ሁሉ በእናንተ ላይ የተቆለፈ አይምሰላችሁ። ፌስታል ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ የራሳችሁንም ተናገሩ።

እስቲ ፍረዱ... ሁንዴሳን ብትሆኑ እንደሱ ዝም ብላችሁ ትጠብቋት ነበር? ወይስ ያኔውኑ "አይቻለሁ፣ አብረን እንታከም" ትሏት ነበር?

ኮሜንት ላይ እንገናኝ... ፓስዎርዳችሁን ግን አደራ እንዳትጽፉ!